ቀለበት ያሰረው ሰንጢ

በተማሪ ኪስ ወይም በጸሐፊ የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ከሚገኙት ትናንሽ ዕቃዎች መካከል ሰንጢን የሚያህል ታዛዥ አገልጋይ እምብዛም አይገኝም። እርሳስ ይቀርጻል፤ ብርቱካን ይልጣል፤ ሸንኮራ ይቈርጣል፤ በሲባጎ የታሰረ ጥቅል ይፈታል። ሥራውን ሲጨርስ አንገቱን ደፍቶ ወደ እጀታው ይገባና ዝም ይላል። ስሙ በከተማ ወሬ ከጠብና ከፖሊስ ጣቢያ ጋራ እየተነሣ ስለ ተበላሸ ብዙ ሰው ያማዋል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ሠራተኛው ሰንጢ እንጂ ስለ ጠበኛው አይደለም።

ይህ አገልጋይ አንድ ጕድለት አለበት። መታጠፉ ለኪስ እንዳመቸው ሁሉ፣ በሥራ መካከል ሳይታዘዝ የታጠፈ እንደ ሆነ የሚያርፈው በያዘው ሰው ጣት ላይ ነው። ጣትን የሚያጥፉት ጅማቶች በመዳፍ በኩል፣ ከቈዳው በታች ብዙ ሳይርቁ ያልፋሉ፤ ስለቱ ሲታጠፍ የሚያገኘውም ይህንኑ ወገን ነው። የተቈረጠ ቈዳ በጥቂት ቀን ይገጥማል። ፈጽሞ የተበጠሰ ጅማት ግን ጫፎቹ እየሸሹ ስለሚራራቁ በራሱ አይገጥምም። ሐኪም ሊሰፋው፣ እጁም በመደገፊያ ታስሮ ብዙ ሳምንት ሊቈይ ያስፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ጣቱ እንደ ቀድሞው ላይታጠፍ ይችላል። በብዕርና በኮምፒዩተር እንጀራውን ለሚበላ ሰው ይህ ትንሽ ጕዳት አይደለም።

መቈለፊያ የሌለው ሰንጢ መቈለፊያ እንዲኖረው፣ ያለውም በሌላ ዐይነት እንዲለወጥለት የሚመኝ ሰው የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህንን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው አድርገው የያዙ ብዙዎች ናቸው፤ በአገራችንም አሮጌ ሰንጢውን ይዞ ወደ ብረት ሠራተኛ የሚሄድ፣ ወይም በገዛ እጁ ሞረድ አንሥቶ የሚጀምር ወጣት አይጠፋም። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን መቈለፊያ ማለት ለጣት የተገባ ቃል ስለ ሆነ፣ ሳይመረምሩ የሚያበጁት መቈለፊያ ጨርሶ ካለመኖሩ የባሰ ሊሆን ይችላል። መቈለፊያ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ይጠነቀቃል፤ አለኝ ብሎ የሚያምን ሰው ግን ሳይሠጋ ይጫናል። የጣቱ ዕዳ የሚመጣውም በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሰንጢን መቈለፊያ ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ምን ማወቅ እንደሚገባው ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብን።

የጉልበቱ ሒሳብ

በትምህርት ቤት ሳለን ስለ መፈንቅል ሕግ የተማርነው ነገር ለፈተና ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ተማሪ ካለ፣ ሰንጢውን አውጥቶ ይመልከት። ስለቱ ረጅሙ ክንድ ነው። ስለቱ የሚዞርበት ዘንግ፣ መካኒኮቻችን ፔርኖ የሚሉት፣ መደገፊያው ነው። መቈለፊያው ስለቱን ይዞ የሚያቆምበት ሥፍራ ደግሞ ከፔርኖው ብዙም የማይርቀው አጭሩ ክንድ ነው።

አሁን በቍጥር እንየው። ከፔርኖው 8 ሳንቲ ሜትር ርቆ በሚገኘው የስለቱ ጫፍ ላይ፣ ወደ መታጠፊያው በኩል 5 ኪሎ የሚያህል ግፊት አረፈ እንበል። መቈለፊያው ስለቱን የሚነካው ከፔርኖው በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ ረጅሙ ክንድ ካጭሩ 16 እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ጫፉ ላይ ያረፈው 5 ኪሎ፣ በመቈለፊያው ላይ 80 ኪሎ ሆኖ ይወርዳል ማለት ነው። ይህም አንድ ጐልማሳ ሰው የሚመዝነውን ያህል ነው። የሚሸከመው ብረት ግን ከጥፍር የማይበልጥ ነው።

ሒሳቡ ሌላም ነገር ያስተምራል። መቈለፊያው የሚነካበት ሥፍራ ከፔርኖው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢርቅና 7 ቢሆን፣ ያው ሸክም ከ80 ኪሎ ወደ 57 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። በአንጻሩ ደግሞ መቈለፊያው በሞረድ ስሕተት ወይም በማለቅ ብዛት የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ቢላላ፣ ያች የማትታይ ክፍተት በስለቱ ጫፍ ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር ተኵል በላይ ሆና ትወዛወዛለች። የሰንጢ ሠራተኞች በጥቂት ሚሊ ሜትሮች ላይ ሙሉ ቀን የሚያጠፉት ሥራ አጥተው አይደለም።

ይህ ሸክም እያለ መቈለፊያን ጨምሮ ማበጀት እንዴት ይቻላል ለሚል ሰው፣ ከዓለም የታወቀ አንድ ምሳሌ እንሰጣለን። ምሳሌው ከፈረንሳይ አገር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቈጣጠር የተቈጠሩ መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

የሳቯው አባትና ልጅ

በፈረንሳይ ምሥራቅ፣ ወደ ኢጣሊያ ጠረፍ በኩል፣ በአልፕስ ተራራዎች መካከል ሳቯ የሚባል አውራጃ አለ። በዚያ አውራጃ፣ ሳን ዣን ደ ሞርየን ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባለች መንደር፣ መጥረቢያና ማጭድ የመሰሉትን ባለ ስለት መሣሪያዎች እየሠራ የሚሸጥ ኦፒኔል የሚባል ቤተ ሰብ ይኖር ነበር። ከዚህ ቤት የተወለደው ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 ዓ.ም. ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ለገበሬዎችና ለእረኞች የሚሆን አንድ ቀላል ሰንጢ ሠራ።

ሰንጢው ከመቅለሉ የተነሣ ክፍሎቹን በአንድ እጅ ጣት መቍጠር ይቻል ነበር። አንድ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ ፔርኖ፣ አንድም የእጀታውን አንገት አጥብቆ የሚይዝ የብረት መታጠቂያ፤ ይኸው ነው። እጀታው ክብ ሆኖ ከአንድ እንጨት ይጠረባል፤ ስለቱ የሚገባበት ስንጥቅ በመጋዝ ይወጣለታል። ዦዜፍ በ1897 ዓ.ም. ሰንጢዎቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ ከ1 እስከ 12 ቍጥር ሰጥቶ በተራ አወጣቸው። በኋላ 1 ቍጥርና 11 ቍጥር ቀሩ። በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የደፋ እጅ የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበ፤ ምልክቱ ዛሬም በስለቱ ላይ ታትሞ ይታያል። ከሁሉ ይልቅ የተወደደው 8 ቍጥር ሲሆን፣ የስለቱ ርዝመት 8 ሳንቲ ሜትር ተኵል ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰንጢው መቈለፊያ አልነበረውም። ስለቱን የሚይዘው የእንጨቱና የመታጠቂያው ጥብቀት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው ሰንጢ በሌላም አገር አለ። በጃፓን ከ1890ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው ሂጎኖካሚ የሚባለው ሰንጢ ከስለቱ ሥር ወደ ኋላ የወጣች ትንሽ ምላስ አለችው፤ ሠራተኛው በአውራ ጣቱ እርሷን ተጭኖ ካልያዘ ስለቱ ይታጠፋል። እንግዲህ መቈለፊያው የሰውዬው አውራ ጣት ነው ማለት ነው።

የሳቯው ሰንጢ እንዲህ ሆኖ 65 ዓመት ኖረ። በ1955 ዓ.ም. የዦዜፍ ልጅ ማርሴል ኦፒኔል አንድ ነገር ጨመረበት። እጀታውን አልለወጠም፤ የስለቱን ቅርጽ አልነካም፤ ፔርኖውን ከቦታው አላነሣም። በአንገቱ ላይ በነበረው የብረት መታጠቂያ ዙሪያ አንድ የሚዞር ቀለበት አገባለት። ስሙንም ቪሮብሎክ አለው። ሽማግሌው ዦዜፍ በ1960 ዓ.ም. ነው የሞተው፤ እንግዲህ በ18 ዓመቱ የሠራው ሰንጢ በልጁ እጅ ቀለበት ሲያስር ለማየት በቅቷል።

ቀለበቱ እንዴት ይይዛል

የቀለበቱ ብልኃት ለማንም ሰው ግልጽ ነው። ቀለበቱ ሙሉ ክብ አይደለም፤ በአንድ ወገኑ እንደ በር የተከፈተ ክፍተት አለው። ክፍተቱ ከእጀታው ስንጥቅ ጋራ ትክክል ሲሆን በሩ ክፍት ነውና ስለቱ ይወጣል፣ ይገባል። ስለቱ ተዘርግቶ ሳለ ቀለበቱን በጣት ጥቂት ሲያዞሩት ክፍተቱ ወደ ጐን ይሄድና የቀለበቱ ድፍን ወገን በስንጥቁ አፍ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ስለቱ ልታጠፍ ቢል ሥሩ ከብረቱ ጋራ ይጋጠምና ይቆማል።

ከላይ የተናገርነውን ሒሳብ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ቀለበቱ ያለው በእጀታው ውጭ፣ በአንገቱ ዙሪያ ስለ ሆነ፣ ስለቱን የሚይዘው ከፔርኖው ጥቂት ርቆ ነው። ሸክሙንም ብቻውን አይሸከምም፤ ከሥሩ ያለው የብረት መታጠቂያ ይጋራዋል። ማርሴል ያገኘው ትልቁ ጥበብ ይህ ይመስለናል። አዲሱ ክፍል የተጨመረው ኀይል በሚያርፍበት ሥፍራ ላይ ነው፤ ከአሮጌዎቹ ክፍሎች ግን አንዱንም አላደከመም።

ደግሞም ሥራው በዚያው አልቀረም። የ1955ቱ ቀለበት ስለቱን የሚይዘው ተዘርግቶ ሳለ ብቻ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ተሻሽሎ ታጥፎም ሳለ እንዲቈልፍ ተደረገ፤ በዚህም ሰንጢው በኪስ ወይም በልጅ እጅ ሳይታሰብ እንዳይከፈት ሆነ። ከ2 እስከ 5 ቍጥር ያሉት ትናንሾቹ ዛሬም ቢሆን ያለ ቀለበት ይሠራሉ፤ ቀለበት የሚያስሩት ከ6 ቍጥር ጀምሮ ያሉት ናቸው። ለሁሉ አንድ ዐይነት መድኀኒት አለመሰጠቱን ልብ ይሏል።

ሌሎች ብልኃቶች

ቀለበት ለክብ አንገት ነው። እጀታው ጠፍጣፋ የሆነ ሰንጢ ቀለበት ሊያስር አይችልምና ሌላ ብልኃት ይፈልጋል። ከእነዚህ ሦስቱን ብቻ እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው በብዙ ኪስ ውስጥ የሚገኘው ነው። በእጀታው ጀርባ በኩል የተዘረጋ ጠንካራ ሞላ የስለቱን ሥር ተጭኖ ይይዛል። ሲከፈትና ሲዘጋ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰጣል። ይህ ግን ስለቱን ያግደዋል እንጂ አይቈልፈውም፤ ግፊቱ ከሞላው ጉልበት ሲበልጥ ይታጠፋል። ካርል ኤልሰነር የተባለው የስዊስ ሰው በ1891 ዓ.ም. ለአገሩ ጦር ማቅረብ የጀመረው ሰንጢ እንዲህ ያለ ነበር፤ ከእርሱ የተወለዱት ቀያዮቹ የቪክቶሪኖክስ ሰንጢዎች አብዛኞቹ ዛሬም እንዲሁ ናቸው። የስዊስ ጦር መቈለፊያ ያለውን የወታደር ሰንጢ የመረጠው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከ100 ዓመት በላይ አስበውበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው የጀርባ መቈለፊያ ነው። በዚህኛው የጀርባው ብረት እንደ ሚዛን በመካከሉ ባለ ዘንግ ላይ ይወዛወዛል። በፊቱ ጥርስ አለው፤ ስለቱ ሲዘረጋ ጥርሱ በስለቱ ሥር በተፈለፈለው ጐድጓዳ ውስጥ ይወድቅና ይይዛል። ለማጠፍ ከኋላ በኩል ይጫኑታል፤ ጥርሱም ይነሣል። ይህ ብልኃት አሮጌ ነው። ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው ያደረገው ግን ባክ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1964 ዓ.ም. ያወጣው 110 ቍጥር ሰንጢ ነው።

ሦስተኛው የጐን መቈለፊያ ነው። በእጀታው ውስጥ ካለው ላሜራ ላይ አንድ ቀጭን ምላስ ይሰነጠቅና ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ተደርጎ ይጐብጣል። ስለቱ ሲዘረጋ ምላሱ በራሱ ጉልበት ከስለቱ ሥር በስተኋላ ገብቶ ይቆማል። ይህንን ብልኃት ዛሬ ባለው መልኩ ያበጀው ማይክል ዎከር የተባለ አሜሪካዊ ሰንጢ ሠሪ ሲሆን፣ ጊዜውም የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ክሪስ ሪቭ ደግሞ ምላሱን ከቀጭን ላሜራ ሳይሆን ከራሱ ከወፍራሙ እጀታ አወጣው። ሰንጢውን ሴቤንዛ ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ የዙሉ ቋንቋ ሲሆን ትርጕሙ ሥራ ማለት ነው።

አንዱን ብልኃት በሌላው ስለ መለወጥ

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ ደረስን። አንባቢያችን በእጁ ያለችውን ሰንጢ ሊለውጥ ቢያስብ በመጀመሪያ የሚመለከተው አሠራርዋን ነው። ፔርኖው በብሎን የተያዘ ነው ወይስ ጫፎቹ በመዶሻ ተቀጥቅጠው የተደፈጠጡ? በብሎን የተያዘ ከሆነ በካቻቪቴ ተፈትቶ ተመልሶ ሊገጠም ይችላል። የተቀጠቀጠ ከሆነ ግን አንደኛው ጫፍ በሞረድ ሳይበላ አይወጣም፤ የወጣውም ፔርኖ ተመልሶ አያገለግልምና ከመጀመሩ በፊት በልኩ አዲስ ፔርኖ መዘጋጀት አለበት። አዲሱ ፔርኖ በቀዳዳው ውስጥ ልቅ ከሆነ የፈለገውን ያህል ጥሩ መቈለፊያ ቢሠሩለት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለአዲሱ መቈለፊያ የሚሆን ሥጋ በብረቱ ላይ አለ ወይ? የሚል ነው። ሞላ ብቻ ያለውን ሰንጢ ወደ ጀርባ መቈለፊያ ለመለወጥ በስለቱ ሥር ላይ ጐድጓዳ መፈልፈል ያስፈልጋል። ሥሩ ትንሽ ከሆነ ጐድጓዳው ወደ ፔርኖው ቀዳዳ ይቀርብና በመካከላቸው የሚቀረው ብረት ይሳሳል። ያ የሳሳ ብረት በኋላ 80 ኪሎ እንደሚወርድበት አስቀድመን ቈጥረናል። ወደ ጐን መቈለፊያ ለመለወጥም በእጀታው ውስጥ ለምላሱ የሚሆን ስፋት መኖር አለበት፤ የስለቱም ሥር ከኋላው በጥቂቱ ያዘነበለ ሆኖ መሞረድ አለበት። ማዘንበሉ ካነሰ ምላሱ ይጣበቃል፤ ከበዛ ደግሞ ግፊት ሲመጣ አንሸራቶ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አስተዋይ ሠራተኛ የሚሰጠው መልስ፣ ለዚህ ሰንጢ አይሆንም፣ ሌላ ይሠራ የሚል ነው። ይህን የሚል ሠራተኛ ገንዘብ የሚጠላ ሳይሆን ሥራውን የሚያውቅ ነው።

ሦስተኛው የእሳት ነገር ነው። የስለት ብረት የጠነከረው በእሳት ግሎ በመቀዝቀዝ፣ ከዚያም በልክ እንደ ገና በመሞቅ ነው። የተወለወለ አረብ ብረት 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ እንደ ገለባ ይቢጫል፤ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። በመፍጫ መኪና ሲሞርዱት ሰማያዊ ቀለም የታየበት ስለት ጥንካሬው ሄዷል፤ ከዚያ ወዲያ ስለቱ ቶሎ ይደንዛል። ያው ሰማያዊ ቀለም ግን ለሞላ የሚስማማ ነው፤ ሞላ ከጥንካሬው ይልቅ መተጣጠፉ ይፈለጋልና። ስለዚህ በመኪና የሚሠራ ሰው ብረቱን በየጊዜው በውኃ እየነከረ፣ በባዶ እጁ ሊይዘው የማይችለው እስኪሆን ድረስ ሳያግለው ይሥራ።

ለጀማሪ ሰው የምንመክረው ሥራ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ይኸውም ባለ ቀለበቱን ሰንጢ ማሰናዳት ነው። ቀለበቱ እንደ ሞላ የሚለጠጥ ስለ ሆነ በልኩ ሲሰፋ ከቦይው ወጥቶ ይነሣል። የላላ ቀለበት በፒንሳ ቀስ ብሎ ይጠብቃል፤ ከመጠን በላይ የጠበቀም በጥቂቱ ይሰፋል። ከልኩ በላይ የተለጠጠ ግን አይመለስምና በትክክለኛ ቍጥሩ በሌላ ይተካል። የ8 ቍጥርን ቀለበት በ7 ቍጥር አንገት ላይ አስገድዶ ማግባት ጋብቻ አይሆንም። ይህ ሁሉ ሲሠራ ስለቱ በወፍራም ጨርቅ ወይም በቈዳ ተጠቅልሎ፣ እጀታው በሞርሳ መካከል በሁለት ቍራጭ እንጨት ተይዞ ይሁን።

እንጨቱም የራሱ ጠባይ አለው። በዝናብ ወይም በዕቃ ዕጥበት ጊዜ ውኃ ይጠጣና ያብጣል፤ ስለቱም በስንጥቁ ውስጥ ተጣብቆ እንቢ ይላል። የሳቯ ገበሬዎች ያን ጊዜ ስለቱን በጥፍር አይጐትቱትም፤ ቀለበቱን ከፍተው የእጀታውን ጫፍ በጠንካራ ነገር ላይ ቀስ አድርገው ይመቱታል፤ ስለቱም በራሱ ብቅ ይላል። ዘላቂው መድኀኒት ግን እጀታውን የተልባ ዘይት እያጠጡ ማድረቅ ነው። ተልባ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከመጠጡ ሌላ ዘይቱ በእንጨት ውስጥ እየደረቀ ውኃ እንዳይገባ እንደሚከላከል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ዘይት የጠጣው ጨርቅ ተጨብጦ ሲቀመጥ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ።

ሥራው ሲያልቅ ወዲያው ወደ ኪስ አይገባም። የስለቱ አፍ በወፍራም ቈዳ ተሸፍኖ፣ ጣቶችም ከመታጠፊያው መንገድ ርቀው፣ የስለቱ ጀርባ በእንጨት ላይ ቀስ በቀስ ይጫን። ጥቂት ይወዛወዛል? ምላሱ ይሸሻል? ቀለበቱ በራሱ ይዞራል? ከሦስቱ አንዱ ከታየ ሥራው አላለቀም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኰላ የተገጠመ መቈለፊያ የሚፈታው በሥራ መካከል ነው።

ሕግም ሰንጢን ያያል

መቈለፊያን የሚለውጥ ሰው የሚለውጠው ብረቱን ብቻ አለመሆኑን ለወጣት ባለ ሥልጣኖች ማሳሰብ አስፈላጊ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1988 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት፣ የስለቱ አፍ ከ3 ኢንች ማለትም ከ7.62 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ የሚታጠፍ የኪስ ሰንጢ ያለ ምክንያት መያዝ ይፈቀዳል። ፍርድ ቤቶች ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ተዘርግቶ የሚቈለፍ ሰንጢ በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም ብለው ተረጐሙ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ስለቱ ተቈልፎ እስከ ቆመ ድረስ የሚታጠፍ አይደለም፣ እንደ ቋሚ ቢላዋ ነው የሚል ነው። ስለዚህ በዚያ አገር በትንሽ ሰንጢው ላይ ለጣቱ ሲል መቈለፊያ የጨመረ ሰው፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው በመንገድ ላይ ቢይዘው ይከሰሳል።

በጀርመንም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቈለፍ ሰንጢን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መዞር ተከልክሏል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጐረቤቷ ስዊስ ለወታደሮቿ የመረጠችው ሰንጢ ደግሞ በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቈለፍ ነው። አንዱ መንግሥት ለሠራተኛ ጣት አሰበ፤ ሌላው ለመንገደኛ ደረት። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ስለዚህ አንባቢያችን ሰንጢውን ከመለወጡ በፊት የሚኖርበትን ወይም የሚሄድበትን አገር ሕግ ይጠይቅ፤ ወደ አውሮፕላን ወይም ፍተሻ ወዳለበት መሥሪያ ቤት ሲሄድም ቤቱ ትቶት ይሂድ።

የማን ሥራ ነው?

አንዳንድ የተማረ ወጣት ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ፣ ይህ የብረት ቀጥቃጭ ሥራ ነው፣ ለእኛ ምናችን ነው ይል ይሆናል። እንዲህ ያለው ንቀት በአገራችን ብዙ ዘመን የቈየ በሽታ ነው። ማረሻውንና ማጭዱን ሠርቶ ያበላንን ሰው ስም እያወጣንለት ስናርቀው ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ ሠራተኛን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ከአዋጁ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ ሆነ፤ ንቀቱ ግን ገና ጨርሶ አልጠፋም።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሄድ ሰው አሮጌው በርሜል፣ የተጣለው ላሜራና ያለቀለት የመኪና ሞላ ምድጃና መጥበሻ፣ መዝጊያና ማጠፊያ ሲሆን ያያል። ሞላ፣ ብሎን፣ ሞርሳና ካቻቪቴ የሚባሉት ቃላት ከጣልያንኛ መጥተው አማርኛ የሆኑት በመጽሐፍ ሳይሆን በእነዚህ ሰዎች አፍና እጅ ነው። የመፈንቅልን ሕግ ቀመር ላይጽፉ ይችላሉ፤ ብረት የት እንደሚሰበር ግን በመዳፋቸው ያውቁታል። ቀመሩን የሚያውቀው ተማሪና ብረቱን የሚያውቀው ሠራተኛ በአንዲት ሰንጢ ላይ ጐን ለጐን ቢቀመጡ ሁለቱም የሚማሩት አያጡም። ተማሪው የሚያዋጣው ሒሳቡን ነው፤ ሠራተኛው እጁን። ዋጋውን ግን ተማሪው ሳይከራከር ይክፈል።

ከዚህ ሌላ የማርሴል ኦፒኔል ቀለበት በቢሮ ለሚቀመጡ ጓደኞቻችን የሚነግራቸው ነገር አለ። አዲስ ሹም በገባበት መሥሪያ ቤት የቈየውን አሠራር ሁሉ ነቅሎ በሌላ ለመተካት ይቸኵላል። ጕድለት መኖሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሳቯውም ሰንጢ ጕድለት ነበረው። ነገር ግን ማርሴል መጀመሪያ የጠየቀው ምን እንጣል ብሎ ሳይሆን ኀይሉ የት ያርፋል ብሎ ይመስላል። መልሱን ሲያገኝ አንድ ቀለበት በቃው። በአንድ ቀለበት የማይድን ነገርም አለ፤ ፔርኖው ያለቀበት ሰንጢ በቀለበት አይድንም። ይህንን ከዚያ ለመለየት ግን ሞረድ ከማንሣት በፊት መመርመር ያስፈልጋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። የጀርባና የጐን መቈለፊያዎች ስለቱ ሲዘረጋ በራሳቸው ይይዛሉ። የኦፒኔል ቀለበት ግን በራሱ አይቈልፍም፤ ባለቤቱ በጣቱ ሊያዞረው ይገባል። ይህን እንደ ጕድለት የሚቈጥሩት አሉ። እኛ ግን ባለቤቱን እንደ ማስታወሻ ያገለግላል እንላለን፤ ስለቱን ከመጫኑ በፊት ጣቶቹ የት እንዳሉ አንድ ጊዜ ያስባልና። ስለዚህ ባለ ቀለበት ሰንጢ ያለው አንባቢያችን ብርቱካኑን ከመላጡ በፊት ቀለበቱን ያዙር። ሲጨርስም ስለቱን ጠርጎ፣ አጥፎ፣ እንደ ገና ያዙረውና ወደ ኪሱ ይመልሰው።